የኑዛዜው እማኞች

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቆዩ የኑዛዜና የመሬት ጽሑፎች ነው። በተለይም የዘር ሐረጉን ተከትሎ ወደ ኋላ መሄድ ለሚሻ የጎንደር ከተማ፣ የወገራ፣ የደምቢያ፣ የጭልጋና የስሜን ተወላጅ ይጠቅማል ብለን አዘጋጅተነዋል።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ እጁ ሲገባ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው መሬቱ የት እንደ ነበረና ምን ያህል እንደ ነበረ ነው። አይፈረድበትም፤ ለአያቶቻችን ርስት እንጀራም ክብርም ነበረ። ይሁንና የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ከሆነ ወዲህ ያ ጽሑፍ ለሙግት አይሆንም። ሰዎቹ ግን አሁንም እዚያው አሉ፤ ሰጪው፣ ተቀባዩ፣ የነፍስ አባቱ፣ ዋሱ፣ ከታች በተርታ የቆሙት እማኞች። የዘር ሐረግ ለሚያጠና ሰው ትልቁ ሀብት እዚያ ታች የተደረደረው ስም ነው። የሚያሳዝነው፣ ችኩል አንባቢ ብዙ ጊዜ እሱን ሳያነብ ያልፋል። ስለዚህ የዛሬው ምክሬ አንድ ነው፤ ጽሑፉን ከንብረቱ ይልቅ ስለ ሰዎቹ አንብቡት።

እነዚህ ጽሑፎች የት ይገኛሉ? ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ከቆረቆሩ ወዲህ ነገሥታቱ ለአድባራት ጉልት፣ ማለትም ከመሬት ግብር የመቀበል መብት፣ ሲሰጡ ቃሉ በደብሩ ወንጌል ላይ ይሰፍር ነበር። እየቆየ ግን፣ በተለይ ከእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ጀምሮ፣ ነገሩ የቤተ መንግሥት ብቻ መሆኑ ቀረ። መኳንንቱ፣ ወይዛዝርቱ፣ ካህናቱና ደብተራዎቹ የገዙትን፣ የሸጡትን፣ የሰጡትንና የተናዘዙትን በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ያስጽፉ ጀመር። የነገሥታቱ ቃል አብዛኛውን ጊዜ ግእዝ ነው፤ የሽያጩና የውርሱ ጽሑፍ ግን ወደ አማርኛ ያደላል። እቴጌዋ ያሠሩት ደብረ ፀሐይ ቍስቋም በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ብዛት ስሙ የታወቀ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር የጎንደርን አድባራት ጽሑፎች በፎቶ እየሰበሰበ ዓመታት የደከመው፣ በውስጣቸው የአንድ ማኅበረሰብ ኑሮ ተጽፎ ስላገኘው ነው።

ቤተ ክርስቲያን የተመረጠችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ወንጌል በቀላሉ አይሰረቅም፣ አይፋቅም። በላዩ የሰፈረውን ቃል የሚያፈርስ ሰው ውግዘት ይጠብቀዋል። የሚያነበውም ካህን ዘወትር በአቅራቢያው አለ።

(አጭር የበገና ድምፅ)

አሁን አንድ ምሳሌ አብረን እናንብብ። ይህን ለትምህርት ብዬ ያዘጋጀሁት ነው፤ ከየትኛውም መጽሐፍ የተገለበጠ አይደለም። አቀማመጡ ግን በጎንደር ጽሑፎች የተለመደውን ይከተላል።

«በዘመነ ሉቃስ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ራስ ሚካኤል ሳሉ፣ ወይዘሮ እገሊት በነፍስ አባቷ በእገሌ ፊት ተናዘዘች። ቤቷንና ሪሟን ለልጇ ለእገሊት ሰጠች፤ ጧሪዋ ናትና። በሬዎቼ ለተዝካሬ ይሁኑ አለች። ዋሱ እገሌ። እማኞች እገሌ፣ እገሌ፣ የእገሌ ልጅ እገሌ። ይህን ያፈረሰ በጴጥሮስና በጳውሎስ ቃል የተወገዘ ይሁን።»

ከዘመኑ እንጀምር። ቁጥር የለም፤ ያለው ወንጌላዊ ብቻ ነው። ዘመነ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ስለሚመለስ ለብቻው ዓመቱን አይነግረንም። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው ግን መንገድ አለ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ ነው፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ይሆናል። ከራስ ሚካኤል ጋር የተጠሩት ንጉሥ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ የነገሡትም ከ1762 እስከ 1769 ዓ.ም. ነው። በዚህ ውስጥ ዘመነ ሉቃስ የሚውለው በ1763 እና በ1767 ዓ.ም. ብቻ ነው። ራስ ሚካኤል ስሑል ደግሞ በ1763 ዓ.ም. ግንቦት ወር በሠርበ ኩሳ ጦርነት ተሸንፈው ከሥልጣን ወርደዋል። ስለዚህ 1767 ይወድቃል፣ 1763 ይቀራል። ይህም ብቻ አይደለም። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ራስ ሚካኤል ወደ ትግራይ ሄደው፣ ጎንደር ላይ ሌላ ንጉሥ ተሰይሞ ነበር፤ እሳቸው የተመለሱት በታኅሣሥ ነው። ጽሑፉ የተጻፈው ጎንደር ከተማ ውስጥ ከሆነ እንግዲህ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት 1763 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው ማለት ነው። አንድ ቁጥር ያልተጻፈበት ኑዛዜ ወደ ጥቂት ወራት ጠበበልን።

ዓመት የተጻፈ ስታገኙም አትቸኩሉ። በአንዳንድ የቆየ ጽሑፍ «ዓመተ ምሕረት» የሚለው ዛሬ እንደምንቆጥረው ሳይሆን በዐቢይ ቀመር፣ በ532 ዓመት ዙር የተቆጠረ ነው። ባለ ሦስት አሃዝ ዓመት አይታችሁ «አያቴ በአክሱም ዘመን ነበሩ» እንዳትሉ፤ በጽሑፉ ውስጥ የተጠራውን ንጉሥ፣ ራስና የደብሩን አለቃ አስቀድማችሁ ለዩ።

ወደ ሰዎቹ እንግባ። «ወይዘሮ» የሚለው በዚያ ዘመን ላገባች ሴት ሁሉ የሚሰጥ መጠሪያ አልነበረም፤ የመሳፍንትና የመኳንንት ወገን ለሆነች ሴት የሚባል ማዕርግ ነበረ። ስለዚህ በ1763 ዓ.ም. ወይዘሮ የተባለች ቅድመ አያት ካላችሁ፣ ዘመዶቿን በዜና መዋዕልና በሌሎች የጉልት ጽሑፎች መፈለግ ተገቢ ነው። በጎንደር ጽሑፎች ሴቶች መሬት ሲገዙ፣ ሲሸጡ፣ ሲያወርሱና ሲሟገቱ በብዛት ይታያሉ። የአባቶችን ስም ብቻ እየቆጠረ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ግማሹን ቤተ ሰቡን ጥሎ ይሄዳል። በአማራ አገር ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወርድ ስለ ነበር፣ የሴት አያቶችን መስመር መከተል ከቁም ነገር የሚገባ ሥራ ነው።

ቀጥሎ ሪም። ሪም የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተጣለበት መሬት ነው፤ ባለ ሪሙ ግን የግድ ራሱ ቅዳሴ የሚቀድስ ወይም ማሕሌት የሚቆም ሰው አልነበረም። ለአገልጋይ ካህን ወይም ደብተራ ድርሻውን እየሰጠ መሬቱን መያዝ ይችል ነበር፤ ሴቶችም ሪም ይዘው ተገኝተዋል። ስለዚህ የአያታችሁ ስም በሪም መዝገብ ውስጥ ስለ ተገኘ ብቻ «ደብተራ ነበሩ» ብላችሁ አትደምድሙ። እንዲህ ያለው ስሕተት አንዴ በዘር ሐረግ ደብተር ከገባ ልጅ ልጅ ድረስ ይዘልቃል።

«ለልጇ ለእገሊት ሰጠች፤ ጧሪዋ ናትና» ይላል። ይህ ዐረፍተ ነገር ብዙ አንባቢ ያሳስታል። አንዲት ልጅ ብቻ ስለ ተጠራች ወይዘሮዋ አንድ ልጅ ብቻ ነበራት ማለት አይደለም። ሌሎቹ ልጆች ሲዳሩ ድርሻቸውን ወስደው ይሆናል። ወይም ያልተጠቀሰ ርስት በትውልድ መብት በራሱ መንገድ ይወርድላቸው ይሆናል። ኑዛዜው የተጻፈው ያለ ጽሑፍ ሊያከራክር ለሚችለው ነገር ነው፤ ያላከራከረው አልተጻፈም። ጧሪ ቀባሪ የሆነች ልጅ የተለየ ድርሻ ስታገኝ ወንድሞችና እኅቶች ሊያጉረመርሙ ይችላሉ፤ ጽሑፉን ያስጻፈውም ይህ ስጋት ነው። እንዲያውም እንዲህ ያለ ልዩ ስጦታ መጻፉ ሌሎች ወራሾች መኖራቸውን የሚጠቁም ምልክት ነው ብዬ አምናለሁ። ደግሞም «ልጅ» የሚለው የልጅ ልጅን፣ «አባት» የሚለው ደግሞ አያትን ወይም ምንጅላትን የሚያመለክትበት ጊዜ አለ፤ ዕድሜው ካልገጠመ ይህን አስቡ።

በሬዎቹ ለተዝካር መሆናቸው ስለ ቤቱ አቅም ይናገራል። የነፍስ አባቱ ስም ደግሞ ወይዘሮዋ የነበረችበትን አጥቢያ ይጠቁማል። የነፍስ አባቱ ለምሳሌ የበአታ ደብር ካህን ከሆነ፣ የሌሎችን የቤተ ሰቡን አባላት ስም በበአታ መጻሕፍት ፈልጉ።

አሁን ወደ እማኞቹ። እማኝ የሚቆመው ያገኙት መንገደኛ አልነበረም። ብዙ ጊዜ አዋሳኝ ባለ መሬት፣ የደብሩ አለቃ፣ ወይም ነገ ተነሥቶ «ይገባኛል» ሊል የሚችል ዘመድ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ዛሬ እማኝ ሆኖ ከቆመ ነገ መካድ ይከብደዋል። ስለዚህ በእማኝ ዝርዝር ውስጥ በአባቱ ስም የተጠራ ሰው ስታገኙ ዘመድ ሊሆን እንደሚችል ምልክት አድርጉበት፤ በሌላ ጽሑፍ ወራሽ ሆኖ ይመጣ ይሆናል። ዋሱም እንዲሁ ነው። ወራሽ በአንድ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ይጠራል፤ እማኝ ግን በሰፈሩ ጽሑፎች ሁሉ ይመላለሳል። ከአሥር ዓመት በኋላ ያው ሰው «አለቃ» ወይም «ባላምባራስ» ተብሎ ሲመጣ ሕይወቱን እየተከታተላችሁ ነው።

(አጭር የበገና ድምፅ)

ስም ራሱ ሌላ ፈተና ነው። እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ በየትውልዱ የአባት ስም ይለወጣል። በዚያ ላይ አንድ ሰው የዓለም ስም፣ የክርስትና ስምና የፈረስ ስም ሊኖረው ይችላል። እቴጌ ምንትዋብን ውሰዱ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው፤ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አንዲቱን እቴጌ ሦስት ሴት አድርጎ ይመዘግባል። ተራው ባላገርም በኑዛዜው ላይ በክርስትና ስሙ ሊጻፍ ይችላል፤ ቤተ ሰቡ የሚያስታውሰው ግን የቤት ስሙን ነው። በተዝካርና በፍታት ላይ የተጠራው የትኛው ስም እንደ ነበረ አረጋውያንን ጠይቁ።

በጽሑፉ ላይ ያልተጠሩ ሰዎችም አሉ፤ ይህን ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። በቆዩ ኑዛዜዎች ውስጥ ሰዎች በባርነት እንደ ንብረት ተቆጥረው፣ ለወራሽ ሲከፋፈሉ ይገኛሉ። ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። ለእነዚያ ሰዎች ልጆች ያ ዝርዝር የአያታቸው ስም የተጻፈበት ብቸኛ ቦታ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቃል ስታገኙ በእፍረት አትዝለሉት፤ ስሙን፣ አገሩን፣ የማን ቤት እንደ ነበረ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ በጥንቃቄ ቅዱት። «ዜጋ» የሚለውም በዚያ ዘመን ጽሑፍ የአገር ባለ መብትን አይገልጽም፤ በሌላ ሰው መሬት ላይ ተጠግቶ የሚኖር፣ ርስት የሌለው ሰው ነው። የጎንደሩ የአዲስ ዓለም ሰፈር ሙስሊሞች፣ የወለቃና የሌሎች መንደሮች ቤተ እስራኤሎችም በደብር መጻሕፍት ውስጥ በርስት ባለቤትነት እምብዛም አይገኙም። የእነሱን ሐረግ የሚያጠና ሰው የቃል ትውፊትን፣ የመስጊድና የሸሪዓ መዝገብን፣ የካህናቱን የዘር ቆጠራ መያዝ አለበት። መዝገብ ውስጥ አለመገኘት አለመኖር አይደለም።

በጽሑፍ ያልተጠራን ሰው እንዳልነበረ የመቁጠር ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ያ በምሳሌያችን ያየነው 1763 ዓ.ም. ሲሆን ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እዚሁ ጎንደር ውስጥ ነበረ፤ በየካቲት 1762 ገብቶ በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ወጥቷል። በእሱ አገር ከ1513 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጻፉ ኑዛዜዎች በኤዲንብራ ብሔራዊ መዝገብ ቤት ተጠብቀው፣ ዛሬ ማንም በኢንተርኔት ይፈልጋቸዋል። የስኮትላንድ የዘር ሐረግ አጥኚዎች የሚጠነቀቁት አንድ ነገር እኛንም ያስተምራል። በዚያ አገር እስከ 1868 እ.ኤ.አ. ድረስ መሬት በኑዛዜ አይተላለፍም ነበር። መሬቱ በሕግ ለበኩር ወንድ ልጅ ይሄዳል፤ ኑዛዜው የሚናገረው ስለ ከብት፣ ስለ እህል፣ ስለ ገንዘብና ስለ ዕዳ ነው። ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ሲሞት ተንቀሳቃሹ ንብረት ሦስት ቦታ ይከፈላል፦ ለሚስት፣ ለልጆች፣ ለራሱ ለሟቹ፤ መናዘዝ የሚችለው በዚህ በሦስተኛው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በኩሩ በኑዛዜው አለመጠራቱ አባቱ እንደ ካደው አያሳይም፤ እንዲያውም ትልቁን ድርሻ በሌላ መንገድ ወስዷል። ኑዛዜ ከሕጉና ከልማዱ ተነጥሎ ከተነበበ በኤዲንብራም በጎንደርም ያሳስታል። የእኛን ለማንበብ የርስቱን ልማድና የፍትሐ ነገሥትን የኑዛዜና የውርስ አንቀጾች ማወቅ ይጠይቃል።

ከጎንደር ጽሑፎች ብዙው ዛሬ ጎንደር ውስጥ የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን ሲያስዘርፉ ከአድባራቷ የተወሰዱት መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጋዙ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ እንደ ተጫነ ይነገራል። ከዚያ ውስጥ 350 ያህል መጻሕፍት አሁን ብሪቲሽ ላይብረሪ በሚባለው ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ዊልያም ራይት በ1877 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ካታሎግ ዘርዝሯቸዋል። በነዚህ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የጎንደር ቤተ ሰቦች የሽያጭና የውርስ ቃል አለ። አያቱ የቆሙበትን የእማኝነት ቃል ለማየት የጎንደር ልጅ ወደ ለንደን መጻፍ አለበት ማለት ነው፤ ይህ ሊያስቆጨን ይገባል። በጥር 1880 ዓ.ም. ደግሞ የደርቡሽ ጦር ጎንደርን ሲያቃጥል ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ጠፉ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች። ቤተ ሰባችሁ ይሰግድበት የነበረው ደብር የተቃጠለ ከሆነ ፍለጋውን ከጎረቤት ደብር ጀምሩ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ያነሣቸው ቅጂዎችም አሉ፤ በአዲስ አበባ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ሊጠየቁ ይገባል።

በሳጥናችሁ ያለው ኑዛዜ የቅርብ ዘመን ከሆነ ደግሞ መለኪያው ሌላ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል፦ በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ ጽሑፍ የሆነ፣ የቃል ኑዛዜ። አራት እማኞች ፈርመውበት ከሆነ በግልጽ የተደረገ ሊሆን ይችላል። ከዳር እስከ ዳር በአያታችሁ እጅ ተጽፎ በየገጹ ቀንና ፊርማ ካለበት የሁለተኛው ዓይነት ነው፤ የእጃቸው ጽሑፍ መሆኑ ራሱ ውድ ነው። የቃል ኑዛዜ በሁለት እማኞች ፊት የሚነገር ሲሆን፣ ከቀብር ሥርዓት፣ ከ500 ብር ከማይበልጥ ስጦታና ከልጆች ሞግዚትነት አያልፍም።

ሥራውን ከየት እንጀምር? ከሰው። በእኛ አገር ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ስለሚቆጠር ብዙ አረጋዊ ሰባት አያት በቃሉ ያውቃል። ለአንድ ትውልድ 25 ወይም 30 ዓመት ብትይዙ ሰባት ቤት ሁለት መቶ ዓመት ያህል ያስኬዳል። ስሞቹን ከነቦታ ስሞቹ ጻፉ፤ ማሳው ምን ይባል እንደ ነበረ፣ ወንዙ፣ አዋሳኙ። በጽሑፉ ውስጥ የሰውን ስም ስታጡት የማሳው ስም ያደርሳችኋል። በመሳቢያ ያለ የግብር ደረሰኝ፣ የርስት ሙግት ውሳኔ ቢኖር አትጣሉ።

ወደ ደብሩ ስትሄዱ አስቀድማችሁ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዱ፤ ግእዝና የቆየ አማርኛ የሚያነብ መሪጌታ ይዛችሁ ግቡ። ብራናውን በእርጥብ እጅ አትንኩ፣ በብልጭታ አታንሡት፣ በላዩ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አታድርጉ። ስትገለብጡ ፊደሉን አታርሙ፤ «ዐ» ያለውን «አ» አታድርጉ፣ የተፋቀውን ቦታ ባዶ ተዉት። ከገጹ ፎቶ ጋር የመጽሐፉን ስም፣ የደብሩን ስምና ቅጠሉ ከፊት ስንተኛ እንደ ሆነ ጻፉ። ከሁሉ በላይ፣ የእማኞቹን ዝርዝር እስከ መጨረሻው ስም ቅዱት።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የርስት ሙግት መዝገቦችን ይዘን እንቀርባለን። ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ትውልዳቸውን እስከ ዋናው አባት እንዴት እንደ ቆጠሩ፣ ሁለቱ ቆጠራዎች ሲጋጩም የቱን ማመን እንደሚገባ እናያለን።